የዲሬክተሮች ጽዋ

ጥር ፳፭፣ ቅዳሜ ጧት

ዋንጫው ሁሉ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ። እንግዶቼ ሌቦች አይደሉም ማለት ነው። ወሬ አቀባይ መኖር አለመኖሩን ግን ዋንጫ አይናገርም። ባለቤቴ ዘነበች ጋኑን እያጠበች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። እሷን ማን ይሽራታል።

የማትስቂብኝ አንቺ ማስታወሻዬ ብቻ ነሽ፤ ለዚህም ነው ከፍራሽ ሥር የምታድሪው።

ትናንት ማታ የተክለ ሃይማኖት ጽዋ እኔ ቤት ነበር። ጽዋ ይባል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። አምስት የት/ቤት ዲሬክተሮች ነን። አንዱ ያለ ጥፋቱ ሲዛወር፣ አንዱ ለጠመኔ ብሎ ጎንደር ትምህርት ቢሮ በር ላይ ሲውል፣ አንዱን ምስለኔ ሲያዋርደው፣ ማን ይቆምልን? አምና ማኅበር እናቁም ብለን ፈቃድ ብንጠይቅ ቢሮው በቁጣ አየን። ለምን ልትሰበሰቡ? በማን ላይ? ያን ጊዜ ብልኃቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጽዋ እንጠጣ አልሁ። ጽዋ ማን ይከለክላል! ቄሱ ባርከው፣ ቀምሰው ይወጣሉ። ከዚያ ወዲያ የራሳችንን ጉዳይ እናወራለን። አንዱ ሲከሰስ ሌሎቻችን በየፊናችን የቢሮው ሹም ዘንድ ገብተን ደኅና ቃል እንጥልለታለን። ስለ ማኅበሩ ግን ትንፍሽ የለም። ሙሴ አድርገው፣ የጽዋው አለቃ፣ የሾሙኝም ለዚሁ ተንኮሌ ነው።

ትናንት ያመሸነው በይኄይስ ነገር ነው። የመካነ ብርሃኑ ዲሬክተር፣ አዲስ ማኅበርተኛ። ያን ሁሉ ዳገት በበቅሎ አቋርጦ መጣ። የምስለኔው ልጅ ስድስተኛ ክፍል ወደቀ። አሳልፈው ተባለ፤ አላሳልፍም አለ። ታኅሣሥ ላይ በወሩ የማርያም ዕለት ፈተና ሰጠ፤ ምስለኔው የሚፈልጋትን አገኘ። ጸረ ማርያም ተባለ። በዚህ በኛ አገር ለዚህ ስም መድኃኒት የለም፤ ሌባ ቢሉት ይሻለው ነበር። ለሰኞ ጎንደር ተጠርቷል። እንደ ልማዳችን እንናገርልሃለን አልነው። ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፍቶ አመሸ።

የእንፍራንዙ ዲ/ር ታደሰ ደግሞ ሲስቅ አመሸ። ምን አሳቀው? አዲስ የቆዳ ቦርሳ ይዟል። በኛ ደመወዝ? እንጃ።

ጥር ፳፰፣ ማክሰኞ ረፋድ

ደወል አስደውዬ ገና ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ የቢሮው ተላላኪ ከማኪና ወረደ። የያዘው ቃል ብቻ ነው። ሹሙ፣ ዓርብ ማታ ቤትህ የተሰበሰበው ማኅበር ምንድን ነው ብለውሃል አለኝ። ጽዋ ነው አልሁ። ጽዋ መሆኑንማ ያውቃሉ፣ አምስታችሁንም በስም ያውቃሉ አለ። እቤት ወስጄ ጠላ አጠጣሁት። ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ሌላ ምንም አልወጣውም።

በስም! ማነው? ቄሱ አይደሉም፤ ቀድመው ወጥተዋል። ወይስ ከደጅ ቆመው ነበር? የደባርቁ ዲ/ር? እሱ ፈሪ ነው፣ ፈሪ አይናገርም። እንዲያውም የሚናገረው ፈሪ ነው። የደባቱ? ሲያንቀላፋ ነው ያመሸው። ታደሰ ነው። ያ ሣቅና ያ ቦርሳ። እሱ ነው።

ለዘነበች ነገርኳት። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ብላ ቀለደችብኝ። ተረቱ እውነት ነው እኮ! የሚያስቅ ምን አለበት?

ጥር ፴፣ ሐሙስ ማታ

ወጥመድ ዘርግቼ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በአንድ ነጋዴ ለታደሰ ብቻ ላክሁበት፦ አዲስ አበባ ዝውውር ጠይቄያለሁ፣ መሄዴ ነው፣ ለማንም እንዳትናገር። ወሬው ዞሮ ከቢሮው ከመጣ ሰላዩ ተያዘ።

ዛሬ ከጎንደር ማኪና ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? ራሱ ታደሰ! አንድ ቅል ማር ታቅፎ። ዐይኑ ቀልቷል። አንተ ከሄድህ እኛ ማን አለን፤ አምና ሊያነሡኝ ሲሉ ሹሙ ዘንድ የገባልኝ ማን ነው እያለ ለመነኝ። እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዛሬ ሣቅ የለም። አልሄድም፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ ብዬ ገላገልሁት። ስለ ቦርሳውም ነገረኝ፤ የአማቱ ስጦታ ነው። ሳልጠይቀው ለምን ነገረኝ?

ማሩን ቀመስሁት። ሸጋ ማር ነው። ቢሆንም ማር ይዞ የሚመጣ ሰው ይጠረጠራል።

የካቲት ፪፣ ቅዳሜ ከሰዓት

አያ መንግሥቱ መጡ። የይኄይስ አማት ናቸው፣ የመካነ ብርሃን ገበሬ። ከጎንደር ሲመለሱ ነው። ይኄይስ ከሥራው ታግዷል፤ ከከተማም እንዳይወጣ ታዟል። እስከ ሐሙስ ከሙያ ጓደኞቹ አንድ ዋስ ካላመጣ ይሰናበታል። ልጃቸው አገር ቤት በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። እሳት የሚያውሳት ጎረቤት ጠፍቷል።

ዋስ ከየት ይመጣል ብዬ ሳልጨርስ፣ እናንተ አላችሁ አይደል አሉኝ። ለካ ሰኞ ሹሙ ማን ያውቅሃል ቢሉት ይኄይስ የጽዋ ወንድሞች አሉኝ ብሎ ሁላችንንም በየስማችን ጠርቷል። ራሱ! ማንም አልሰለለን። ማንም አልሸጠን። ያ ሞኝ በገዛ አፉ!

ደሜ ፈላ። አያ፣ ያ እኮ ለሽፋን ነው፣ የእውነት ጽዋ አይደለም ልል አፌን ከፈትሁ። ቀደሙኝ።

«ምነው ልጄ? ከአንድ ዋንጫ አልጠጣችሁም እንዴ?»

በቁጣ አይደለም። የምር ግራ ገብቷቸው ነው። እኛ በጻድቁ ስም ተሸሸግን፤ ይኄይስ እውነት ብሎ ጠጣ። አፈርሁ። ማፈሬ ደግሞ አናደደኝ።

የካቲት ፬፣ ሰኞ ማታ

ሁሉንም ጠየቅሁ። የደባርቁን ወገቡን አሞታል፤ በጽዋው ማታ እንደ ፈረስ ነበር። የደባቱ ሰርግ አለበት። ያልሸሸ ታደሰ ብቻ ነው፤ የሱን ዋስትና ግን አይቀበሉትም፣ አምና ራሱ የተከሰሰ ነው። ስለዚህ እኔ። ሙሴ ነኛ! ወይ ሙሴ!

ዋስ ሆኜ ይኄይስ ቢጠፋ ወይ ቢፈረድበት አብሬው እወርዳለሁ። የምኖርበት ቤትም የት/ቤቱ ነው። ዘነበችንና ልጆቹን የት እጥላቸዋለሁ? ደግሞ ሰውየውን ምን ያህል አውቀዋለሁ? ጥቂት ጊዜ አብረን ጠጣን እንጂ። እውነት ጸረ ማርያም ቢሆንስ? አማቱን ልኮ ማሳፈሩ ብልጠት ቢሆንስ? በማርያም ዕለት ምን ፈተና አሰጠው!

እኔም ሰጥቻለሁ፣ አምና። የኛ ምስለኔ እኔ ጋ የሚማር ልጅ የለውም፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።

ዘነበችን አማከርኳት። ዛሬ አልሳቀችም። አንተን ጠርተው ማን ያውቅሃል ቢሉህ የማንን ስም ትጠራ ነበር አለችኝ። ብዙ አሰብሁ። አንድ ሰው አጣሁ። እራቴን ትቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን የለም።

የካቲት ፯፣ ሐሙስ፤ ጎንደር፣ ከቢሮው ፊት ለፊት ሻይ ቤት

ሆነ።

ታደሰ ቀድሞኝ ደርሷል። አይቀበሉህም እያልሁህ ምን ልታደርግ መጣህ ስለው፣ አብሬህ ልቁም ብዬ ነው አለ። ይኄይስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከስቷል። ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ አለመደነቁን አየሁ። እንደምመጣ በምን አወቀ? እኔ እንኳ ማኪና እስክሳፈር አላወቅሁም።

አስገቡን። ሹሙ ከማኅበሩ ጀመሩ። ጽዋ ነው ወይስ የዲሬክተሮች ማኅበር? መዋሸት እችል ነበር፤ ቃሉም ተዘጋጅቶልኛል። ሁለቱም ነው ጌታዬ፣ አንዳችን ሲከሰስ የምንቆመው እኛው ነን አልሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ሹሙ በጣታቸው ወደ ይኄይስ አመለከቱ።

«ይህን ሰው ታምነዋለህ?»

«አላምነውም ጌታዬ። ማንንም አላምንም። ዋሱ ግን እኔ ነኝ።»

ፈረምሁ። ክሱ እስኪጣራ ይኄይስ ወደ ት/ቤቱ ይመለሳል። ማኅበሩን በተመለከተ እናስብበታለን አሉ፤ ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ይኄይስ ደጅ ላይ ጉልበቴን ሊስም ሲል ተው ብዬ ተቆጣሁት። ታደሰ አለቀሰ።

ት/ቤቱን ለምክትሌ አደራ ብያለሁ። ነገ አብሬው መካነ ብርሃን ድረስ እወጣለሁ። ምስለኔው ይየኝ፤ ዲሬክተር ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ። ለይኄይስ የነገርሁት ይህን ነው። ላንቺ ግን አልደብቅሽም፤ ብቻውን ብለቀውና መንገድ ላይ ቢጠፋብኝስ?