ፍሬ ያፈሩት ወንዶች

ኤፕሪል 4
ጠዋት ቤተ ሙከራ። በጠርሙስ ካሳደግናቸው መቶ ሃያ የፒስታቺዮ ቡቃያዎች ሥር ያወጡት ዘጠኝ። የጣቢያችን ዳይሬክተር ዶክተር ናዕማን "ተስፋ ሰጪ ብለሽ ጻፊ" አለኝ። ጻፍኩ። ምን ቸገረኝ...

ልቡ ሌላ ጋ ነው። ለአበባ ዱቄት ብለን የተከልናቸው ወንድ ዛፎች አምና ፍሬ ያዙ። የፒስታቺዮ ፍሬ የሚይዙት ሴቶቹ ዛፎች ብቻ ሆነው ሳለ፣ ወንድ ዛፍ! ለቱኒስ ጉባኤ ጽሑፍ እያሰናዳ ነው። "ዳሌንዳ፣ ተፈጥሮ ራሷ እጅ ነሳችን" ይላል። ሥራ ፈታ መሆን አለበት።

ኤፕሪል 9
አጎቴ ብለን የምንጠራቸው ላዝሃር ከኤል ጌታር መንደር መጡ። ከሰባት ዓመት በፊት የሴት ዛፍ ቅርንጫፍ የቀጠልንባቸው ስልሳ ችግኞች የሰጠናቸው ገበሬ። አምናም አበቡ፣ ዘንድሮም አበቡ፤ ፍሬ የለም።
"ትዕግሥት ነው" አለ ዶክተሩ።
"ለእናንተ ዛፍ ብዬ ወይራዬን ነቅያለሁ። ትዕግሥቱንም እዚሁ ትሸጣላችሁ?"
ሳቄን ዋጥኩ። "ሄደሽ አፈሩን እይ፣ ሽማግሌውን አረጋጊልኝ" ተባልኩ።

ኤፕሪል 10
ከመኪና ሳልወርድ ገባኝ። ስልሳውም ወንድ! ነፋስ በመጣ ቁጥር ቢጫ ዱቄት ይበትናሉ። ስልሳ ሙሽራ፣ አንዲት ሙሽሪት የለችም።
"አፈሩ ጥሩ ነው" ብዬ ተመለስኩ። ሚስታቸው ማብሩካ የሽንብራ ሾርባ አበላችኝ። እንዴት ወረደልኝ?

ኤፕሪል 11
የድሮውን መዝገብ አወጣሁ። በአንድ ቀን በችግኝ ላይ የሚቀጠል ሁለት እስር ቅርንጫፍ ተቆርጧል። የሴቷ ለላዝሃር ችግኞች፣ የወንዱ ለጣቢያው ረድፍ። መለያውን ያሰረው ማን ነው? ፊርማው የኔ። የእህቴ ሰርግ ሳምንት... ቸኩዬ አቀያይሬዋለሁ።

ተዓምረኞቹ ወንዶች ለካ ተራ ሴቶች ናቸው! ከዶክተሩ ቢሮ እስከ ረድፉ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ አንድ ቀን ወርዶ አበባቸውን አላየም። እኔስ? ከጠርሙሶቼ መቼ ቀና አልኩ? በሰው ስስቅ ኖሬ... በይ እስቲ አሁን ሳቂ።

ኤፕሪል 14
ለዶክተሩ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።
"ጽሑፉ ተልኳል።"
"ሰውየውስ?"
"ገበሬ ነው፣ መጠበቅ ያውቃል። ጡረታሽ ስንት ዓመት ቀረው?"
አስራ አንድ። መዝገቡን ይዤ ወጣሁ።

ኤፕሪል 17
ኤል ጌታር። ለአጎቴ ላዝሃር ነገርኳቸው።
"ስልሳውም?"
"ስልሳውም።"
"መለያውን ያሰርሽው አንቺ ነሽ?"
"እኔ ነኝ።"
ማብሩካ ከበሩ ላይ ጮኸች፦ "ሰባት ዓመት ሙሉ ውሃ አላጠጣሽም እያልከኝ!"
እሳቸው ወጥተው ዛፎቹ መሃል ቆሙ። ተከትዬ ሄድኩ። በበጋ ከሴት ዛፍ የሚያቆጠቁጥ ዓይን ቆርጬ በወንዶቹ ቅርፊት ስር ብከት፣ ሥራቸው መሬት ውስጥ ስለበረታ በሦስት ዓመት ፍሬ ይይዛሉ አልኳቸው።
"ሦስት ዓመት..." ዞረው አላዩኝም። "ራስሽ ነሽ የምትመጪው ወይስ ሰው ትልኪያለሽ?"
"ራሴ።"

ጁን 20
የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ኤል ጌታር ገባሁ። ቅርንጫፉን የቆረጥኩት ከዶክተሩ ተዓምረኞች ነው። አጎቴ ላዝሃር እያንዳንዱን እያገላበጡ፦ "ይቺ ሴት ናት? መታወቂያዋን አሳዪኝ!"
ጣቶቼ በሙጫ ተጣብቀዋል። ወገቤ አለቀ።

ጁላይ 12
ዶክተሩ ከጉባኤው ተመለሰ። አንዲት አዛውንት ተመራማሪ ፎቶዎቹን አይታ "ይህቺ እኮ ሴት ናት" ብላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው አሉ። ጥፋቱ የኔ ሆነ... ደግሞም የኔ ነው። ከቤተ ሙከራ ወደ ገጠር ሥራ ተዛወርኩ። አሮጌ ሞተር ብስክሌት ሰጡኝ። ለቅጣት!

ኦገስት 2
የከተትኳቸው ዓይኖች በአርባ ስምንቱ ዛፍ ላይ ይዘዋል፤ አረንጓዴ ጫፍ አውጥተዋል። ስድስቱ አልያዙም፣ እደግማቸዋለሁ። ስድስት ወንድ ደግሞ ሴቶቹን እንዲያዳቅሉ ሳይነኩ ቀሩ፤ የመረጧቸው አጎቴ ላዝሃር ናቸው።
"ያንን ትልቁን ለምን ተዉት?" አልኳቸው።
"ከሁሉም በላይ እሱ ነው የሚያብበው። አገሩን አቧራ ያደርገዋል። ፍሬ ግን ወፍ የለም። ዶክተር ናዕማን ብዬዋለሁ።"
"ኧረ ዶክተሩ ይሰማል!"
"ይስማ። መጥቶ ካየውማ በግ አርድለታለሁ።"