ሳይን የምትባለዋ ቁልፍ

ቁሐር ሚካኤል
የካቲት 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለውባንቺ ኃይለ ሚካኤል
አርባ ምንጭ

እኔ የማላይሽን የሚያይሽ አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። ከሩዙ በኋላ የዘራነው ጓያ አብቧል፤ ላማችን ቡሬ ወልዳለች፤ እናትሽ ስምሽን ሳትጠራ አትውልም። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር መናገር ፈርቼ ነው።

አብራሽ የምትማረው መሲ ለዕረፍት ይፋግ ወላጆቿ ዘንድ መጥታ እኛንም ጠየቀችን። ስለ አንቺ ስጠይቃት እውነቱን ተናገረች፤ የሒሳብ ፈተና ወድቀሻል፤ በድጋሚው ካላለፍሽ ኢንጂነሪንጉ ይቀርብሻል። «እሷኮ በትምህርት አትታማም አባ። ፈተና ላይ ካልኩሌተር መዋዋስ ተከልክሎ ነው። የላኩላት ደግሞ ከመደመርና ከመቀነስ የዘለለ አያውቅም» አለችኝ። እኔ በስልክ ስጠይቅሽ ግን «በጣም ይሠራል አባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽኝ ነበር። ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ስቀድስ ድምፄ ሁሉ ጠርቶ ነበር።

እኔም «ያልሽው ዓይነት ወረታ ላይ ጠፋ፤ የተገኘው ይኸው ነው» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ውሸቴን ነው ልጄ። አልጠፋም፤ በእጄ ይዤው ነበር።

ኅዳር ላይ፣ የክረምቱ ውኃ ገና ከሜዳው ሳይጎድል፣ የካልኩሌተሩን ዓይነት የጻፍሽልኝን ወረቀት ይዤ ወረታ ብርክቲ ሱቅ ገባሁ። ሁለት አወጣችልኝ። አንዱ የሩዝ ነጋዴዎች የሚይዙት፣ ቁጥሩ ከሩቅ የሚነበብ ሰፊ ነው፤ ሌላው ትንሽ፣ ቁልፉ የበዛ። «ወረቀቱ የሚለው ትንሹን ነው» አለችኝ። ጎረቤታችን የኋላሸት እዚያው ቆሟል፤ እንግሊዝኛ ማወቁን ታውቂያለሽ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ። አንዷን ቁልፍ በጣቱ እያሳየ «ይቺ ሲን ናት፤ ኃጢአት ማለት ነው አባ» አለኝ። እኔም ሱቁን በሞላው ሰው ፊት «የቄስ ልጅ ኃጢአት የተጻፈበት ዕቃ ይዛ አትማርም!» ብዬ ጮህኩ።

ብርክቲ ሳቋን እንደምንም ይዛ፣ «ኧረ አባ፣ ኃጢአትስ አይዶለም! ሳይን ነው የሚባል፤ የማዕዘን ሒሳብ ነው። ልጅዎ ያለዚህ መማርም አይሆንላት» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገብቶኛል። እውነቷን እንደሆነም ዐውቄያለሁ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ። የንስሐ ልጆቼ ቆመው ያዩኛል፤ «ተሳሳትኩ» ማለት ሞት መሰለኝ። ትልቁን አስጠቅልዬ ወጣሁ። በሰንበቱ ደግሞ ቆሜ ስለ ትሕትና አስተማርኩ።

መሲ ወደ ይፋግ እንደተመለሰች ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ሰውመሆን ተናዘዝኩ። መቶ ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስግደትማ ለአንተ ይቀልሃል። ጾሙ ሳይገባ ለልጅህ ጻፍላት» አሉኝ። ጾሙ ሊገባ አራት ቀን ቀረው።

ዛሬ የገበያው ሰው ብርክቲ ሱቅ እስኪሞላ ጠበቅሁና ገባሁ። «ያን ለት ተሳስቼ ነበር» አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ብቻ ነኝ ላብ ያጠመቀኝ። የገዛሁልሽ ያው ትንሹ ነው፤ እናትሽ ከላከችው ዳቦ ቆሎ ጋር መሲ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ ታደርስልሻለች። ድጋሚው ፈተና ሳይደርስ እጅሽን አለማምጂበት።

ይቅር በይኝ ልጄ። «በጣም ይሠራል» ያልሽኝንም በውሸት አልቆጥርብሽም፤ እኔን ላለማሳፈር እንደሆነ ዐውቄያለሁ። ሁለተኛ ግን እኔን ላለማሳፈር ብለሽ አትውደቂብኝ።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ የተማርሽውን ያብራልሽ፤ በደኅና ወጥተሽ በደኅና ግቢ። እንደደረሰሽ ደውይልኝ። የማይሠራ ከሆነም «አይሠራም» በይኝ።

የበደለሽ አባትሽ
ቄስ ኃይለ ሚካኤል