በትልቁ ቸርኬ ላይ የታሰረ ሰንሰለት

ሴንት ፖል፣ የካቲት 28

ለምወድሽ ልጄ፣

ዉድበሪ እንዴት ይዞሻል? ጤናሽስ? የልጅሽ የኣርሴማ ትከሻ ሲበርድ አሁንም ይጠዘጥዛታል ወይ? ጓደኛሽን ዘውዲን አመስግኚልኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ ሁለት ነፍስ ማስጠለል ቀላል አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፤ ደም ግፊቴ ወርዷል። ፊደሌ ስለገዘፈ፣ አንዳንዱም ከመስመሩ ስለወጣ አትፍረጂብኝ።

ለምን አልደወለም ትይ ይሆናል። በስልክ ስንነጋገር እኔ እቆጣለሁ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ መልሰሽ ትዘጊዋለሽ። ይህን ነገር በቃሌ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ዉድበሪ ድረስ በታክሲ መጥቼ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

ባለፈው እሑድ፣ ከፋሲካ በኋላ ጠበቃ ዘንድ ልትሄጂ እንደቆረጥሽ ነገርሽኝ። አይሆንም እየተባለ ሰንሰለት አስሮ ልጄን ከጫነ ሰው ጋር አንድ ቤት አልኖርም አልሽ። እኔም ዝም ብዬ ሰማሁሽ። ዝምታዬን እንደ ድጋፍ ቆጥረሽው ይሆናል። ከጠበቃው በፊት ይህን አንብቢ።

ባልሽ ነገሪ ያን መኪና ሲገዛ እንዴት እንደተሳለቅኩበት ታስታውሻለሽ። ቸርኬው ሃያ አንድ ኢንች፣ ጎማው እንደ ቀበቶ የሳሳ። ይሄ ለሰርግ እንጂ ለሚኔሶታ በረዶ አይሆንም አልኩት። እሱም፣ “ሰርጋችን ላይ ስላልተገኙ ነው አባባ፣ አሁን ይዩት” አለኝ። ነገሪ በሕይወቱ እንዲህ የመለሰልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ድፍረቱ አናደደኝ። እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ኅዳር ላይ ሁለታችን ሌክ ስትሪት አጠገብ ወደሚሠራው ጎሚስታ፣ ወደ ኣንዶም ሄድን። ኣንዶም መኪናዋን በክሪክ አነሳና ከጎማው ጀርባ በእጅ ባትሪ አየ። እዚያው ቸርኬ ላይ የበረዶ ጎማ መግጠም ይቻላል አለን፤ ነገር ግን ጎማው ስስ ስለሚሆን ጉድጓድ የመታ ቀን ቸርኬው ይሰነጠቃል። የሚሻለው አሥራ ስምንት ኢንች ቸርኬ ከነበረዶ ጎማው ገዝቶ በረዶው እስኪያልፍ በዚያ መንዳት ነው። ቸርኬው ሲያንስ ጎማው ይወፍራል፣ መንገዱንም ይቆነጥጣል። የባሰ ቀን ቢመጣ ጎማው ላይ የሚለበስ የጨርቅ ሽፋን አለ፣ እሱን ከኋላ ማስቀመጥ ነው አለ። እኔ፣ ሰንሰለትስ አልኩት። ሳቀ። “አባባ፣ ከጎማውና ከሞላው መሃል ጣት አይገባም። እዚህ ላይ ሰንሰለት ማሰር በጠባብ ጫማ ሦስት ካልሲ መልበስ ነው። የከተማው መንገድ ደግሞ በጨው ይጠረጋል፣ ምን ያደርግልዎታል?” ነገሪም አሥራ ስምንቱን መርጦ ለሐሙስ ቀጠሮ ያዘ።

ከአሰብ ኮምቦልቻ ስንት ዓመት ጭነት አመላልሻለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ሌላው ሾፌር ጭቃው ውስጥ ሲያድር እኔ ሰንሰለት አስሬ ዳገቱን እወጣ ነበር። ይህን ሁሉ የሠራሁ ሰው በልጄ ባል ፊት ጎሚስታ ሳቀብኝ። በማግሥቱ ሄጄ ሰንሰለት ገዛሁ።

ከሐሙሱ ቀጠሮ በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት በረዶው ሲከመር አንቺ ሥራ ገብተሻል። ነገሪ አውቶቡሱን ሲነዳ አምሽቶ ስለነበር ገና አልተነሳም። ከቤቴ እናንተ ድረስ በእግሬ መጣሁና ተንበርክኬ የፊቶቹን ሁለት ጎማዎች አሰርኩ። ክፍተቱን ከላይ፣ በፓራፋንጎው በኩል በእጄ ዳበስኩት፤ መዳፌ ሙሉ ገባ። የት አለ ታዲያ ኣንዶም፣ አልኩ በሆዴ። ክፍተቱ የጠበበው ግን ከጀርባ፣ ከሞላው በኩል ነበር። ከሰንሰለቱ ጋር ለየትኛው ጎማ እንደሚሆን የሚናገር ወረቀት ነበረ። እሱንም አላነበብኩትም። ፊደሉ ደቃቅ ነበር።

ነገሪ ኣርሴማን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲወጣ ሰንሰለቱን አየና ቆመ። ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አባባ፣ ኣንዶም አይሆንም ብሎን የለም እንዴ?” አለኝ። የልጅህ አያት እኔ ነኝ ወይስ ኣንዶም ነው አልኩት። ፍታው፣ እኔም ሁለተኛ ይህን ደጃፍ አልረግጥም አልኩት። የመኪናውን በር ከፍቶ ኣርሴማን አስገባት። ከዚያ፣ “እሺ አባባ፣ ደክመዋል፣ ይግቡና ይሙቁ” አለኝና ተነሣ።

አልገባሁም። ቆሜ ስጠብቅ ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ድምፁን ሰማሁ። መሪውን ሲያዞር ሰንሰለቱ ከጎማው ጀርባ ተጠላልፎ የፍሬኑን ቱቦ በጠሰው። መኪናዋ ቁልቁል ተንሸራትታ ከመብራቱ ምሰሶ ጋር ተጋጨች። የኣርሴማ አጥንት ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አልደግመውም።

ሆስፒታል ስትደርሺ መጀመሪያ የጠየቅሽው፣ ያንን ሰንሰለት ማን አሰረው የሚል ነበር። እኔ አፌን ከፈትኩ። ነገሪ ቀደመኝና፣ “እኔ ነኝ” አለ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሰንሰለቱን ስሕተት ልበለው። አፌን መዝጋቴን ግን ስሕተት ብዬ ልጠራው አልችልም።

አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ከወጣሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እያወቅክ ለምን በዚያ ነዳህ ብዬ ተቆጣሁት። ይታይሽ፣ ተቆጪው እኔ ነኝ። “ማዕዘኑን ስታጠፍና ከዓይንዎ ስሰወር ልፈታው ነበር” አለኝ። ከማዕዘኑ ቀጥሎ ባለው የቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ሊፈታው፣ ሲመለስም እዚያው ቆሞ መልሶ ሊያስረው አስቦ ነበር፤ እኔ እንዳላፍር። ማቆሚያው እስኪደርስ የቀረው ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ታዲያ እኔ ነኝ ማለትን ምን አመጣው አልኩት። “እኔን ብትቆጣኝ ሰንብታ ትመለሳለች። እርስዎ ከእሷ ሌላ ማን አለዎት?” አለኝ። እንዳልነግርሽም አስማለኝ። እኔም ማልኩ፤ ስለሚመቸኝ ማልኩ። እንደማትመለሺ ሁለታችንም አልገመትንም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ነው። ደጄን ይጠርጋል፣ የመጣልኝን ፖስታ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ የዓይን ጠብታዬን ሰዓት ይጠብቅልኛል። ሐኪም ዘንድ ሲወስደኝ ደረጃው ላይ ክንዴን ይይዛል፤ መጀመሪያ እጁን አስለቅቄው ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ። ስላንቺ አንድ ቀን ክፉ ተናግሮ አያውቅም። መኪናዋ ተሠርታለች፤ አሥራ ስምንቱን አስገጥሞላታል። ባለፈው ቅዳሜ የእኔን ዳገት ስትወጣ ቅንጣት አልተንሸራተተችም። ኣንዶም ልክ ነበር። ሱቁ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም፣ ወንበር ሰጠኝ።

ልጄ፣ ይቅር በይኝ ለማለት አልጻፍኩም። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ሆስፒታሉ ውስጥ ገና አፌን ስዘጋ ታውቅብኝ ነበር። ቁጣሽ የሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነው ያለው፤ አንሺና ወደ እኔ አምጪው። ቤቴ መምጣት ብትተዪ ምክንያትሽ ይገባኛል። ኣርሴማ ከአባቷ መኪና አልገባም እንደምትል ሰምቻለሁ። ሰንሰለቱን ያሰረው አያትሽ ነው፣ አባትሽ ሊፈታው ነበር ብለሽ ንገሪያት። እሷ በሚገባት ቋንቋ ንገሪያት።

ነገሪ ይህን መጻፌን አያውቅም። ቢያውቅ መሐላዬን ጠቅሶ ይከለክለኝ ነበር፤ ስለዚህ የፖስታውን አድራሻ ጎረቤቴ ጻፈችልኝ። ቅዳሜ እንደልማዱ ይመጣል። እስከዚያ ደውለሽለት እንደሆነ እሱ ባይነግረኝም፣ ከበር ላይ ገና “አባባ” ሲለኝ ከድምፁ አውቀዋለሁ።

አምላክ የኣርሴማን አጥንት ያጽናላት። ጎጆሽን ከእኔ እልኸኝነት ይጠብቅልሽ። የተቀየምሽኝን ያህል ዕድሜ ይስጥሽ፣ ከዚያም በላይ ይጨምርልሽ።

አባትሽ