የሲኞራ ኤልዛ ማንኪያ

እማዬ፣

ሙት ዓመትሽን ካወጣን ወዲህ አንድ ክረምት አልፏል። የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ የምነግርሽ ነገር እስኪኖረኝ ነው። አሁን አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ታናሿ ልጅሽ አቦነሽ እነዋሪ ተድራ ወልዳለች፤ ሴት ናት፣ አፍንጫዋ ያንቺው ነው። የጓሮው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ለጣሪያው ማደሻ ሆነ። የጣሊያኗ የሲኞራ ኤልዛ ምግብ ቤት ከተወረሰ ጀምሮ የቀበሌ ሱቅ እንደሆነ ነው፤ ስኳር የምናወጣው አንቺ ቆመሽ ሽንኩርት ትከትፊበት በነበረው መስኮት ነው። ተራዬ በደረሰ ቁጥር ያቺ የሕማማት ረቡዕ ትመጣብኛለች።

በጓሮ በር ገብቼ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። በጾም የሥጋ ስጎ ስትሠሪ አትቀምሺም። አጎንብሰሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ እንፋሎቱን በእጅሽ ወደ አፍንጫሽ እየሳብሽ ጨው መጉደሉን ትለዪ ነበር፤ ተሳስተሽም አታውቂ። ሲኞራ ያን ቀን የደሴ መንገድ ሾፌሮች ፊት መሳቂያ ልታደርግሽ አማራት። አገጭሽን ይዛ ስጎ የሞላውን ማንኪያ አፍሽ ውስጥ ከተተችው። ሾፌሮቹ ሳቁ። አንቺ ተፋሽው፣ ሽርጥሽን ፈታሽ፣ እጄን ይዘሽኝ ወጣሽ። ለነፍስ አባታችን ስትነግሪያቸው ስግደት ሰጡሽ። ባልሠራሽው ኃጢአት ጉልበትሽ እስኪላጥ ስትሰግጂ አጠገብሽ ቆሜ አይቻለሁ። አንቺ ይቅር ብለሻት ሞትሽ። እኔ አላልኳትም።

የምሠራበት ፋብሪካ ለማሽን ሥልጠና ኢጣሊያ እንደላከኝ አልሰማሽም። ሥልጠናው ሲያልቅ እቤታቸው ያረፍኩባቸው ሴትዮ የወይን ለቀማ ሊያሳዩኝ ወደ ትውልድ መንደራቸው ወሰዱኝ። ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ስታዪ እንደሚታይሽ እርከን፣ ተራራው ሁሉ በወይን ተሸፍኗል። እዚያም አበሻ አገር የኖረች ሴት በቤቷ ለአገር ጎብኚዎች ምግብ ሥራ ታስተምራለች ብለው፣ ደስ እንዲለኝ አስመዘገቡኝ። በሩን የከፈተችልኝ ሲኞራ ኤልዛ ነበረች። አርጅታለች፤ ድምጿ ግን ያው ነው። አላወቀችኝም። በጓሮ በር የምትገባን ልጅ ማን ያስታውሳል።

ሽርጥ አስታጠቀችን። ከጀርመኖችና ከእንግሊዞች ጋር ዱቄቱን በእንቁላል አቦካሁ፣ ዳመጥኩ፣ በቀጭን በቀጭኑ ቆረጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዝም ብዬ ልመለስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ስጎው ላይ አጎነበሰች። ዓይኗን ጨፈነች፣ እንፋሎቱን በእጇ ሳበች። እኛ ቤት ስጎ አይቀመስም፣ ይሸተታል፣ ያስተማረችኝም አያቴ ናት አለች። እንግዶቹ እየተደነቁ ጻፉ። እማዬ፣ የሳቀችብሽን ነገር የአያቷ ሙያ አድርጋዋለች።

የወይን ጠጅ ልታመጣ ምድር ቤት ስትወርድ እንግዶቹም በርሜሎቹን ለማየት ተከተሏት። ጨው በእፍኜ ዘገንኩ። ጨመርኩ፣ አሁንም ደገምኩና አማሰልኩት። ተመልሳ ድስቱ ላይ አጎነበሰች። አሸተተች፣ ልክ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። የወሰደችው የእጅሽን አኳኋን ነው እንጂ አፍንጫሽን አይደለም።

እንግዶቹ ገና እንደጎረሱ ፊታቸው ተጨማደደ፤ አንዱ መሐረቡ ላይ ተፋው። እኔ ረቡዕ ስለነበር አልበላሁም። ሲኞራ ግራ ገብቷት ስትቆም ማንኪያ ሞልቼ አቀረብኩላት። አገጯን አልያዝኩም፤ ራሷ አፏን ከፈተች። ስትውጠው፣ የይርገዱ ልጅ ነኝ አልኳት በአማርኛ። ለእንግዶቹ ደግሞ አያቴ ብላ የጠራቻት ሴት ይርገዱ መሆኗን፣ የተቀበረችውም ደብረ ብርሃን መሆኑን ሁላችንም ስንማርበት በዋልነው በጣሊያንኛ ነገርኳቸው፤ ለምን እንደማትቀምስም ጭምር። ሲኞራ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ።

ስመለስ ለነፍስ አባታችን ተናገርኩ። ተጸጽተሻል ወይ አሉኝ፤ ስግደቴን ይስጡኝ አልኳቸው። ላንቺ የሰጡሽን ያህል ስግደት ለኔም ሰጡኝ። አንቺ በሰገድሽበት ድንጋይ ላይ ሰገድኩ፣ ጉልበቴ ተላጠ። ያንቺው ያለ ጥፋትሽ ነበር። የኔ ግን የሚገባኝ ነው፤ አልበዛብኝም። እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ፣ ተቆጪ።

የአቦነሽ ልጅ ከፍ ስትል ድስት ላይ አጎንብሳ ማሽተት አስተምራታለሁ፤ ከማን እንደመጣም እነግራታለሁ። እኔም ሕማማት በገባ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ እንፋሎቱን ወደኔ ስስብ አስታውስሻለሁ። አንቺን አልረሳሽም፣ እማዬ። እሷንም አልረሳትም።

ልጅሽ