ጉርድ ሾላ ላይ ያልወረድኩበት ቀን

ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
የካ አባዶ

ለናፈቅከኝ ባለቤቴ ለገመዳ፣

እንደምን ከርመሃል? ናኦሚስ? የእናትህ የአዴ ሶሬቲ ጉልበት ተሻላቸው ወይ? የነቀምት ዝናብ ከዚህም እንደሚብስ አውቃለሁና ልጅቷ ያለ ካልሲ እንዳትወጣ ንገርልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጀምረው። ግን ቅዳሜ በስልክ «ድነሻል ወይስ አልዳንሽም? ትምህርት ሳይከፈት ቁርጡን ንገሪኝ» ካልከኝ ወዲህ «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ራሱን ፈርቼዋለሁ። ያን ጊዜ ስልኩን የዘጋሁት ኔትወርክ ተበላሽቶ አይደለም።

ድኛለሁ ካልኩ ከጳጉሜን በፊት ናኦሚን ይዘህልኝ ትመጣለህ። አልዳንኩም ካልኩ እዚያው ሁለተኛ ክፍል ትመዘገባለች። የጠየቅከኝ አንድ ቃል ነው፤ እሱን ከመጻፌ በፊት ግን እነዚህን አምስት ወራት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ስማኝ።

የመጋቢቱን ቀን አንተም አልረሳኸውም። ከናኦሚ ጋር ከመገናኛ ወደ አባዶ ስንመጣ ጉርድ ሾላ ላይ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰና «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኼ ከሚኒባሱ ወረድኩ፤ ልጄን ታክሲው ይዟት ሄደ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የት እንዳለች አላወቅንም። አንዲት ተሳፋሪ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ቦርሳዋን እንዳቀፈች አግኝታት ፖሊስ ጣቢያ ባትወስዳት ኖሮ... ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ጨርሼው አላውቅም። በሳምንቱ ልጅቷን ይዘህ እናትህ ዘንድ ሄድክ፤ ቆይተህም ሥራህን ወደዚያ አዛወርክ። አልተቆጣኸኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያን አልጋ ላይ ነው ያሳለፍኩት። ፊቴን ሳልታጠብ ሦስት ቀን ያልፋል። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘልኝና ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ወደሚሰጥ ሥልጠናም ላከኝ። «ማይንድፉልነስ» ይሉታል፤ አሠልጣኛችን ማኅደር ግን «ልብ ማለት» ነው የምትለው። ስምንት ሳምንት፣ በየሐሙሱ፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አሥር ሰዎች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ የገዛ ትንፋሻችንን ልብ እንላለን። በቃ። እንደምትስቅ አውቃለሁ። እኔም የመጀመሪያውን ቀን በአንድ ዓይኔ ቦርሳዬን ስጠብቅ ነው የጨረስኩት። ታክሲ መሳፈር ስለማልችል በእግሬ ነበር የምሄደው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስኬዳል።

ቤት ውስጥ በየጠዋቱ ሃያ ደቂቃ ተለማመዱ ስትለን ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መቁጠሪያዬን አወጣሁ፤ አንተ «የዕፀገነት ካልኩሌተር» እያልክ የምትቀልድባትን። እግዚኦ መሐረነ አርባ አንድ ጊዜ እንደሚባለው ትንፋሼንም አርባ አንድ ላደርስ። ሐሳቤ ከሸሸ ግን ተበላሸ ብዬ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። የት ይሄዳል ደግሞ? ጉርድ ሾላ ነዋ። አሥራ አምስት ላይ ስደርስ ጉርድ ሾላ፤ ከአንድ። ሰባት ላይ ስደርስ ጉርድ ሾላ፤ ከአንድ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተቀምጬ አርባ አንድ ሳይሞላልኝ ረፋዱ አራት ሰዓት ሆነ። ወረዳ ስደርስ መዝገብ ቤታችን በር ላይ ባለጉዳይ ተሰልፏል፤ አለቃዬ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ትንፋሿን መቁጠር ያቃታት ሴት እንዴት ልጅ ታሳድጋለች እያልኩ አለቀስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ብሶብኝ ነበር።

ለማኅደር ስነግራት አልሳቀችብኝም።

«ዕፀዬ፣ ሐሳብሽ ስንቴ ሸሸ?» አለችኝ።

«ኧረ መቶ ጊዜ!»

«ስንቴ መለስሽው?»

«ያው መቶ ጊዜ።»

«እንግዲያ መቶ ጊዜ ሠርተሻል። ሥራው እኮ መመለሱ ነው። ሲመለስ ደግሞ ከአንድ አትጀምሪ፣ ካለሽበት ቀጥይ። መቁጠሪያሽን ለጸሎትሽ ተዪው።»

በማግስቱ የዳንኩ እንዳይመስልህ። ግን ራሴን መቅጣቱን ተውኩ። በስድስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ሽሮ ሠርቼ ስቀምስ ጨው እንደበዛበት አወቅኩ፤ ለወራት የምበላው ነገር ጣዕም አልነበረውም። ደስ ብሎኝ ጨው የበዛበትን ሽሮ ጠርጌ በላሁት። ከዚያ አጭር አጭር መንገድ መሳፈር ጀመርኩ። ከአባዶ እስከ ጣፎ፣ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። በሐምሌ እስከ አያት። ሥልጠናው ካለቀ በኋላም ጠዋት ጠዋት መቀመጤን አልተውኩም፤ ኪኒኑንም አላቋረጥኩም።

ባለፈው ማክሰኞ እስከ አያት በታክሲ፣ የቀረውን በእግሬ መገናኛ ሄጄ፣ ወደ አባዶ ሙሉውን መንገድ ልሞክር ተሳፈርኩ። በዝናቡ ምክንያት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣበቅኩ። ጉርድ ሾላ ስንደርስ መጣ። ያው እሱ ራሱ። ደረቴን ጨመደደኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ዓይኔ ጨለመ። ሳላስበው «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። ታክሲው ቆመ፤ ወያላው በሩን ከፈተ፤ ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ሊያሳልፈኝ ተነሣ። እኔ ግን አልተነሣሁም።

«እናት፣ ውረጂ እንጂ!»

«አልወርድም።»

«ታዲያ ምን አስጮኸሽ?»

«ፈርቼ ነው።»

ግማሹ ሳቀ፤ አንዷ አማተበች። ወያላው «ሳበው፣ ፈርታ ነው አለች» ብሎ በሩን ዘጋው። እግሬ የታክሲውን ወለል ሲነካ፣ ትንፋሼ አፍንጫዬ ላይ ሲቀዘቅዝ ልብ እያልኩ ተቀመጥኩ። አሁን እሞታለሁ ብዬ ነበር። ሳልሞት ሲኤምሲ ደረስን። አያት ላይ ጣቶቼ ተመለሱልኝ። አባዶ ስወርድ ቀሚሴ በላብ ርሶ ነበር።

ስለዚህ መልሴ ይኸው፤ አልዳንኩም። አሁንም ይመጣል። በፊት በቀን ሦስቴ ይመጣ ነበር፣ አሁን በሳምንት አንዴ ነው፤ ሲመጣም አልሮጥም። ማኅደርም ከዚህ በላይ ቃል ገብታልኝ አታውቅም።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ደብዳቤ ይሆን ነበር። ግን ለፖሊሱም፣ ለእናትህም፣ ለአንተም «ተከትላኝ የወረደች መስሎኝ ነው» ብዬ ነበር። ገመዳ፣ ውሸት ነው። እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ለቅቄው ነው የወረድኩት። በዚያች ደቂቃ ልጅ እንዳለኝ አላስታወስኩም፤ ያስታወስኩት ታክሲው ከዓይኔ ከተሰወረ በኋላ ነው። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ ነው፤ ሳልሸሽ አብሬው መቀመጥ የቻልኩት ገና ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው። ናኦሚ ግን ታውቀዋለች። ይዘሃት የሄድክ ዕለት ልሰናበታት እጄን ስዘረጋላት እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። አንተ በርዷት ነው አልክ።

ይህን አንብበህ ልታስቀራት ትችላለህ። አሁን ይህንኑ እየፈራሁ ነው የምጽፈው፤ ወረቀቱን ልቀደው ሁለት ጊዜ አንስቼዋለሁ። ካመጣሃት ግን አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። መገናኛ መጥቼ ስቀበላችሁ «የእማዬን እጅ ያዢ» እንዳትላት። ታክሲው ውስጥ እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ። እጇን ኪሷ ውስጥ እንዳደረገች አባዶ ብንደርስም ይሁን።

መድኃኔዓለም ክረምቱን በደህና ያሳልፍላችሁ፤ አዴ ሶሬቲንም ለልጄ ያቆይልኝ።

የናኦሚ እናት
ዕፀገነት