ፊርማው ምድር ቤት፣ ማኅተሙ ስምንተኛ ፎቅ

ለተከበሩ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ስለ ደረጃዎቹ ምስጋና ስለማቅረብና አንዲት መስመር እንድትስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። የጉልበትዎ ነገር እንኳ አያሳስበኝም፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት አንድም ደረጃ ስላልወጣ በደህና እንደተቀመጠ አውቃለሁ።

እኔ የኤሌክትሮመካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በሚመሩት ድርጅት የሦስት ወር የተግባር ልምምዴን ሰሞኑን ጨርሻለሁ። ስሜን ላያውቁት ይችላሉ። ሠራተኛው ግን «ሊፍት» ብሎ ስለሚጠራኝ፣ ኮሪደሩ ላይ «ሊፍቷ መጣች፣ ቶሎ ወረቀትህን ስጣት» ሲባል ሰምተው ከሆነ ያቺ እኔ ነበርኩ።

ድርጅትዎ በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ «ዘመናዊ ማሽኖችን በባለሙያ እየታገዛችሁ በእጃችሁ ትፈታላችሁ፣ በእጃችሁ ትገጥማላችሁ» ይል ነበር። እናቴ ይህን እንደሰማች ልጄ ማሽን ልትፈታ ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወጀች፤ ለእኔም ኪሱ የማያልቅ ሰማያዊ ቱታ አሰፋችልኝ። በሕንፃው ውስጥ ያገኘሁት ማሽን ግን አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከሁለት ዓመት በፊት ቆሞ በሩ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የተባለበት ሊፍት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼው ነው። እንግዲህ ቅሬታዎቼን ምስጋና አልብሼ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሊፍቱ በመቆሙ ክቡርነትዎ ከስምንተኛው ፎቅ ቢሮዎ ወርደው ምድር ቤት በሚገኘው የእንግዳ ማረፊያ ክፍል «ለጊዜው» ተቀምጠዋል። ማኅተሙ ግን ከተመደበበት ክፍል እንዳይወጣ መመሪያው ስለሚከለክል እዚያው ስምንተኛ ፎቅ ቀርቷል። በመሆኑም በድርጅታችን ማንኛውም ወረቀት ምድር ቤት ይፈረማል፣ ስምንተኛ ፎቅ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያም ወርዶ ለባለጉዳዩ ይሰጣል። በፊርማውና በማኅተሙ መካከል ያሉት መቶ ስድሳ ስምንት ደረጃዎች ለእኔ ተሰጡኝ። ሰው ቁጥራቸውን እንዴት አወቀች እንዳይል፣ በቀን አሥር ጊዜ የወጣሁባቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ማታ እናቴ በጉጉት «ዛሬ ምን ፈታሽ?» ብትለኝ፣ «ጫማዬን» አልኳት።

ሁለተኛ፦ በሦስተኛው ሳምንት ሊፍቱን እንድመረምር ይፈቀድልኝ ዘንድ ማመልከቻ ጻፍኩ። ክቡርነትዎም ሳያስጠብቁኝ ተቀብለው «ለአስተዳደር፤ ተመልክታችሁ አስፈላጊው ይደረግ» ብለው መሩት። አስተዳደር ለጠቅላላ አገልግሎት መራው፤ ጠቅላላ አገልግሎት አደጋ ቢደርስ ማን ይጠየቃል ብሎ ለሕግ ክፍል መራው፤ ሕግ ክፍል ነገሩ የዕቅድ ነው አለ፤ ዕቅድ ክፍል ደግሞ የሊፍቱ ብልሽት በዘንድሮ ዕቅድ ውስጥ አለመያዙን ገልጾ ለቴክኒክ ክፍል አስተላለፈው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔ ማመልከቻ ግን ከቢሮ ቢሮ የሚሄደው በእኔው እግር ነበር። የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ቦታ ክፍት ስለሆነ ወረቀቱ በሠላሳ አንደኛው ቀን ተመልሶ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። እርስዎም ስልክ እያናገሩ «ለተለማማጇ፤ አጣርታ ትፈጽም» ብለው ፈረሙበት። እኔም ማኅተም ላስመታበት ለመጨረሻ ጊዜ በእግሬ ስምንተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ሦስተኛውን በደል ልቆጥር ስል ደስታ ሆኖ አገኘሁት። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል የሚቀመጡትን አዛውንቱን የጥገና ሠራተኛ ያውቋቸው ይሆናል፤ እኛ ጋሼ ፊውዝ እንላቸዋለን። ማመልከቻዬን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያም ቁልፋቸውን ከምስማሩ አውርደው ተነሡ። ኃይል አቋረጡና ወደ ሦስተኛው ፎቅ በር ወስደውኝ «ይቺ ናት» አሉኝ። በሩ መዘጋቱን ለሞተሩ የምታሳውቅ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ መዳብ ተጣማ ነበር። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እያዩኝ አቀናኋት፣ አጸዳኋት፣ አጠበቅኋት። ሁሉም ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ለካስ ጋሼ ፊውዝ ሊፍቱ ከቆመበት ዕለት ጀምሮ ያውቁ ኖሯል! ለምን ዝም እንዳሉ ብጠይቃቸው «ማን ጠየቀኝ የኔ ልጅ? በቃል ታዝዤ ሠርቼ አንዴ ተከስሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያልተጻፈ ነገር አልነካም። ዝም አይነቅዝም» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ሳልቀልድ ልንገርዎ። ሞተሩ ሲነሣ እንባዬ መጣ። ባዶውን ሦስት ጊዜ አውጥተን አውርደን ከፈተንነው በኋላ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ስድስተኛ ፎቅ የሚሠሩት የመዝገብ ቤቷ እናታችን ነበሩ። እሳቸው ጉልበታቸው በቀን ሁለት ጊዜ ስለማያወጣቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳቸውን ብቻቸውን ፋይል መካከል ሲበሉ ኖረዋል። ያን ቀን ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው አራት ጊዜ ወጡ፣ አራት ጊዜ ወረዱ፤ በወረዱ ቁጥር መረቁኝ።

አራተኛ፦ በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «በአመራሩ ያላሰለሰ ጥረት ሊፍቱ አገልግሎት ጀምሯል» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ያላሰለሰውን ጥረት በዓይኔ ስላላየሁ አልከራከርም። ልምምዴን ስጨርስ እርስዎ ሞልተው የሰጡኝ የምዘና ቅጽ ግን እንዲህ ይላል፦ «የተግባር ሥራ፣ አልታየባትም፤ ወረቀት በማመላለስ ታታሪ ናት። ከሃያ፣ ሁለት።» ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዲሉ። ሁለቱ ነጥብ ለሁለቱ እግሮቼ ከሆነ አመሰግናለሁ፤ እጄን ግን ዜሮ ማለትዎ አናድዶኛል። ይህች መስመር እስከ ሰኞ ካልተስተካከለች ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም፤ ዓመቱን እደግማለሁ። እናቴ ለጎረቤቶቿ ምን እንደምትል አላውቅም።

ይህን አቤቱታ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእርስዎ የላክሁት ንቄዎ እንዳይመስልዎ። ለአስተዳደር፣ ለሕግና ለዕቅድ ተመርቶ ሲመለስ ሰኞ ብቻ ሳይሆን ዓመቱም እንደሚያልፍ ስለማውቅ ነው። በራስዎ እጅ «አጣርታ ትፈጽም» ያሉበትንም ወረቀት ከነፊርማውና ከነማኅተሙ አያይዣለሁ።

እንግዲህ ያቺን አንዲት መስመር እንዲያስተካክሉልኝ በትህትና እየለመንኩ፣ በሊፍቱ ወደ ስምንተኛ ፎቅ የተመለሰው ወንበርዎ እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣ በድርጅትዎ ካገኘሁት የማይካድ ሀብት፣ ማለትም ከጠነከረው ባቴ ጋር፣ ታላቅ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

የቀድሞዋ «ሊፍት»

ግልባጭ፦
ለእናቴ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ጋሼ ፊውዝ ባለፈው ዓርብ ጡረታ ወጥተዋል። ከመሰናበታቸው በፊት ወደ ሰባተኛው ፎቅ በር ወስደው ሌላ መዳብ አሳዩኝ፤ ወሩን እንደማትዘልቅ፣ ያን ጊዜም ተሳፋሪው በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል እንደሚቀር ነገሩኝ። ለማንም ያልተናገሩት በጽሑፍ የጠየቃቸው ስለሌለ ነው። እኔ ግን ይኸው ሳይጠይቁኝ በጽሑፍ ነገርኩዎ። ቢጠሩኝ በደስታ መጥቼ በሃያ ደቂቃ እሠራልዎ ነበር፤ ብቻ በገዛ ብዕርዎ «የተግባር ሥራ አልታየባትም» የተባለች ልጅ ሊፍት እንድትነካ መመሪያው የሚፈቅድላት አይመስለኝም።