ከአልጋ ሥር ያለው አውቶቡስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15

ሜትሩን ወሰዱብኝ። ደብተሩንም ጭምር።

ላምበረት መናኸሪያ ውስጥ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣ አጥር ተደግፎ የቆመ አሮጌ ቸርኬ ከነጎማው አለ። አባቴ ይነዳው ከነበረው ዓይነት አውቶቡስ የተረፈ ነው። መኪናው ራሱ ዛሬ የትም የለም። ጎማውን አምና ለክቼው ነበር፤ ዛሬ የሄድኩት ለማረጋገጥ ነው። በሠራሁት አውቶቡስ ላይ ጎማው ትንሽ ሆኖ ይታየኛል። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ይታየኛል።

ጎንበስ ብዬ ሜትሩን ስዘረጋ አንድ ወጣት ጥበቃ ከኋላዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ለማን ነው የሚለኩት?»

መልሱ ቀላል ነበር። ከቆርቆሮና ከካርቶን ሞዴል እሠራለሁ፤ ሃያ ጊዜ ያነሰ አውቶቡስ፤ ለራሴ። አፌ እምቢ አለኝ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። «ለመሥሪያ ቤት ነው» አልኩት።

«ደብዳቤ ይዘዋል?»

አልያዝኩም። ደብተሩን ተቀብሎ ገለጠው። አውቶቡስ ከፊት፣ አውቶቡስ ከጎን፣ ቁጥሮች፣ ቀስቶች፣ የበር ስፋት፣ የወንበር ብዛት። ፊቱ ተለወጠ። ወደ ኃላፊው ወሰደኝ። ኃላፊው ስሜንና የመሥሪያ ቤቴን ስልክ ጻፈ፤ ሜትሩንና ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈ። እስከ ቅዳሜ ደብዳቤ ካላመጣሁ ጉዳዩን ለፖሊስ እንደሚያስተላልፍ ነገረኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሜትሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው።

እሑድ ደግሞ የሞዴል ትርዒታችን ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

የትርዒቱ ማስታወቂያ አሁንም የወረዳው ወጣት ማዕከል በር ላይ ተለጥፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሥራዬ የፕላን ነዳፊ ስለሆንኩ ፊደሌ ያምራል። «ቤታችሁ ውስጥ ትንንሽ ሞዴል የምትሠሩ ሁሉ፣ እሑድ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ያላችሁን ይዛችሁ ኑ። አትፍሩ። ማንም አይስቅም።»

ዛሬ ሳልፍ ላለማየት ማዶውን ይዤ ሄድኩ።

አዳራሹን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ተመላልሰናል። የማዕከሉ ኃላፊ በየትኛው አደረጃጀት ነው የታቀፋችሁት ትላለች። በየትኛውም አልታቀፍንም። ሦስት ሰዎች ነን። በመጨረሻ «የእጅ ሥራ» ብላ መዘገበችን። የፖሊስ ነገር ከሰማች በዚያው ቀን ትዘጋዋለች።

ከሥራ ስወጣ ወደ መሪ ሰፈር ሄድኩ፤ ሰናይት ዘንድ። ሰናይት የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ያደገችበት ሰፈር ፈርሷል። የሰፈሩን ዋና መንገድ በእንጨትና በወረቀት መልሳ ሠርታዋለች፤ ሃያ ሁለት በር፣ የጣውላ አጥር፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ። አንሶላ ታለብሰዋለች። በር ሲንኳኳ አንሶላው ላይ ደግሞ መጋረጃ ትስባለች።

ለምን እንደምትፈራ ዛሬ ነገረችኝ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ለጸሎት መጥተው አንዷ አንሶላውን ገለጠችው። «ሰኒዬ፣ እግዚአብሔር ልጅ እንዲሰጥሽ ጸልዪ እንጂ በአሻንጉሊት ቤት አትጽናኚ» አለቻት።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ሁሉም አሜን አሉ።»

ሁለታችንም የልብሱን ገመድ አየን።

«እሑድ ግን ታመጪዋለሽ።»

«ጋሽ ደረጀ፣ አንተ አውቶቡስህን ካመጣህ። በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ጠረጴዛው ላይ ከሌለ በመጣሁበት ታክሲ እመለሳለሁ።»

አመጣለሁ አልኩ። ስለ ሜትሩ አልነገርኳትም። አውቶቡሱን ከባለቤቴ በቀር ሰው አይቶት እንደማያውቅም አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ከመናኸሪያው ተደወለ። ኢንጂነሩ አስጠራኝ። አለቃዬ ነው፤ በአሥር ዓመት ግን ያንሰኛል። በሩን እንድዘጋ በእጁ አሳየኝ።

«ጋሽ ደረጀ፣ መናኸሪያ ውስጥ ምን ይለካሉ?»

ሁለት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። ሁለቱም ጠፉኝ።

«ሞዴል እሠራለሁ። አውቶቡስ።»

«ለልጅዎ?»

«ለራሴ።»

እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። «ይህንኑ ለጥበቃው ቢነግሩት ኖሮ ስቆ ይለቅዎት ነበር።»

«እሱን እኮ ነው የፈራሁት።»

«መልቀቁን?»

«መሳቁን።»

ደብዳቤ አልሰጠኝም። ያላዘዝኩትን ሥራ አዝዣለሁ ብዬ አልፈርምም አለ። እውነቱን ነው። አውቶቡሱን ወስደው ያሳዩአቸው፤ ሜትሩ ሰኞ ጠዋት ንብረት ክፍል ይግባ አለ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

«ስንት ጊዜ ያነሰ ነው?»

«ሃያ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከወጣሁ በኋላ ይሳቅ አይሳቅ ዞሬ አላየሁም።

የቀሩኝ መንገዶች፦

አውቶቡሱን ይዤ መሄድ።
ሌላ ሜትር ገዝቼ ለንብረት ክፍል ማስረከብ። ደብተሩ ግን እዚያው ይቀራል፣ ስሜም።
ዝም ማለት። ፖሊስ ይመጣል፣ አዳራሹ ይዘጋል፣ ሰናይት ከበር ትመለሳለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል ብዬ ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ ግንባሬን ዳሰሰችና «አውቶቡስ የገጨው ሰው እንኳ እንዲህ አይሆንም» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወርቁ ከእንጦጦ ወረደ። ጡረታ የወጣ አናጢ ነው፤ ሦስተኛችን እሱ ነው። እሑድ ተሸክሞ ላለመውረድ ሥራውን እኛ ቤት ሊያሳድር አመጣው። የሠራው የራሱን የአናጢ ቤት ሞዴል ነው፤ መጋዙ ከጥፍር ያንሳል፣ መላጊያው ግን በእውነት ይልጋል። ጋሽ ወርቁ ማሳየት አያፍርም። ለታክሲ ረዳት ያሳያል፤ ከየካ ሚካኤል ሲወጣ ለቄሱም አሳይቷል። ቄሱ የት ጋ ነው የምትቀመጠው ብለው ጠየቁት አሉ፤ ሞዴሉ በርጩማ አልነበረውም። በማግስቱ በርጩማ ሠራለት።

አውቶቡሱን ከአልጋው ሥር ሳብኩለት። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዞረው። ተንበርክኮ በዓይኑ ልክ አየው።

«ወይ ጎማው አንሷል ወይ ሰውነቱ በዝቷል» አለ።

ጎማው እንዳልተሳሳተ ነገርኩት፤ ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ፣ ሁለተኛውን ባያስጨርሱኝም። ሰውነቱን ያወጣሁት ከፎቶ ነው። አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ፤ አባቴ አውቶቡሱን ተደግፎ ቆሟል፣ ጎማዎቹን የተሳፋሪ ዕቃ ጋርዷቸዋል። መኪናው በማይገኝበት ጊዜ የምንሠራው እንዲህ ነው። አጠገቡ የቆመው ሰው ቁመት ከታወቀ፣ የቀረው ሁሉ በእሱ ይሰላል። አባቴ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው።

«ማን ለካው?»

«አውቀዋለሁ።»

«ሲሞት ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ዘጠኝ።»

ጋሽ ወርቁ ውሃ ጠጥቶ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ሄድኩ።

አውቶቡሱን በብስኩት ካርቶን አድርጌ ታክሲ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ያዝኩት። ረዳቱ ክዳኑን ከፍ አድርጎ አየ። «ፋዘር፣ መኪና እያለዎት በታክሲ?» ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ላምበረት እስክንደርስ አላበኝ።

የጥበቃ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «የምለካው ለዚህ ነው። ለመሥሪያ ቤት ያልኩት ውሸት ነው» አልኩ። ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣ። አንድ ገጽ ያያል፣ አውቶቡሱን ያያል፤ ሌላ ገጽ፣ እንደገና አውቶቡሱን። የአውቶቡሱን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ወጣቱ ጥበቃ ገባ፤ ቀጥሎ ተሸካሚዎች፤ ቀጥሎ ሾፌሮች።

«ማክሰኞ ይህን ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለኝ ኃላፊው።

የገቡት ሁሉ ሳቁ። አንዱ ሾፌር የባጃጅ ጎማ ነው የገጠምክለት አለኝ። ይኸው ሾፌር ከዚያ በኋላ አቀርቅሮ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረ።

ትኬት የሚቆርጡት ሽማግሌ፣ ጋሽ ሙላት የሚሏቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው አውቶቡሱ ግንባር ላይ የጻፍኩትን አነበቡ። አባቴ አውቶቡሱ ላይ ያስጻፈው ነው፦ «እደርሳለሁ»።

«ይህ የንጉሤ መኪና ነው» አሉ።

«አባቴ ነው።»

ስድስት ዓመት የአባቴ ረዳት ነበሩ። ወንበር አመጡላቸው፣ አልተቀመጡም። አውቶቡሱን ዞሩት፤ መሰላሉን ነኩ፤ ጣሪያውን ነኩ። «ምነው ረዘመ?» አሉ።

ከፎቶው እንዳወጣሁት፣ በአባቴ ቁመት እንዳሰላሁት ነገርኳቸው። አንድ ሜትር ከሰማንያ ስል ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ንጉሤ? ንጉሤ እኮ መሪ ሲይዝ ሁለት ትራስ ይደርብ ነበር። ተሳፋሪው መኪናው ያለ ሾፌር ነው የሚሄደው እያለ ይቀልድበት ነበር።»

«ይከፋው ነበር?»

«ኧረ የት። ትራሶቹን አንስቶ ያሳያቸዋል። ሌላ ደግሞ እቤት አለኝ ይላቸዋል።»

አባቴ በቁመት እስከ የት ይደርስባቸው እንደነበር ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ቅንድባቸው ላይ አደረጉ። ኃላፊው ማንም ሳይጠይቀው ሜትሩን ከመሳቢያው አወጣና ራሱ ለካ። «አንድ ሜትር ከስድሳ አራት» አለ። ደብተሬ ላይ ጻፈልኝ፤ ሁለቱንም መለሰልኝ።

ጎማው ልክ ነው። የተሳሳተው የቀረው ሁሉ ነው፤ አንድ አሥረኛ ያህል በዝቷል። አራት ዓመት ሠርቼዋለሁ። የሚቃናበት መንገድ የለውም፤ እንደገና ካልተሠራ በቀር።

ሾፌሮቹ ነገ እንመጣለን አሉ። ጋሽ ሙላትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

ጠዋት አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ወደ አልጋው ሥር መለስኩት። ባለቤቴ ሦስተኛው ላይ ካርቶኑን አንስታ በር ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ ወርቁ ቀድሞኝ አዳራሹ በር ላይ ቆሟል። እኛ ቤት ያደረውን ሥራውን አስረክቤው፣ አውቶቡሱን ጠረጴዛው መሃል አደረግኩት። ካርድ ጻፍኩለት፦ «አውቶቡስ፣ ከቆርቆሮና ከካርቶን። ጎማው ሃያ ጊዜ ያነሰ ነው። ሰውነቱ አንድ አሥረኛ በዝቷል፤ አባቴን ረጅም አድርጌ በማሰቤ።» ከዚያ ወደ ማስታወቂያው ሄጄ «ማንም አይስቅም» የሚለውን ሰረዝኩት። የቀረው ይበቃል።

ሦስት ሰዓት። ሰናይት የለችም። ሦስት ተኩል። ሾፌሮቹ መጡ፤ አራት ናቸው። ጋሽ ሙላት ካርዱን ጮክ ብለው አነበቡላቸው፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ትንሽ ሳቅኩ። የማዕከሉ ኃላፊ መጥታ የጋሽ ወርቁን መላጊያ ሞከረች። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ታክሲ ቆመ። ሰናይት በአንሶላ የተሸፈነውን ጣውላ በአንድ ጫፍ ይዛለች፣ ረዳቱ በሌላው። በር ላይ ቆማ ጠረጴዛውን አየች። ገባች። ካርዴን አነበበች፤ ለአንድ ካርድ ብዙ ቆየች።

«ጋሽ ደረጀ፣ እስክሪብቶ አለህ?»

የጻፈችው ይህ ነው፦ «ሰፈራችን። የሦስተኛው ቤት በር ቀለም ጠፍቶኝ በግምት ቀባሁት። የምታውቁ ንገሩኝ።» ከዚያ አንሶላውን ራሷ ገለጠች።

ቀለሙን እስከ ስምንት ሰዓት ማንም አልነገራትም። ከቤተ ክርስቲያን እህቶች አንዷ መጥታ ነበር፤ እጇን ኋላዋ አድርጋ ሃያ ሁለቱንም በር አየች። አሜን አላለችም።

አንድ ጎልማሳ ሰው አምስት ሰዓት ላይ የጫማ ካርቶን ታቅፎ በር ላይ ቆሞ ነበር። ማስታወቂያውን አንብቦ ሄደ። ልጠራው ስል ከዓይኔ ጠፋ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰናይትና ጋሽ ወርቁ ወጥተው አዳራሹን ቆልፌ ቁልፉን ሳወጣ፣ ያው ሰው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«አሁን» አልኩትና በሩን መልሼ ከፈትኩ።

ካርቶኑን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። እጁን ክዳኑ ላይ ጭኖ ቆመ። ሰናይት አንሶላዋን አጣጥፋ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ጋሽ ወርቁም ተቀመጠ። ማንም ክፈተው አላለውም።